ባቄላዋን ለሁለት የሰነጠቀችው ልጅ

ቅዳሜ ቅዳሜ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ልጆች የፕሮግራሚንግ መግቢያ ማስተማር ከጀመርኩ ይኸው ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። ልጆቹ 18፣ ኮምፒውተሮቹ 7 ናቸው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዜሮ። ያለ ኮምፒውተር የሚሠራ ነገር ፍለጋ የገባሁት ፈጠራ አምሮኝ ሳይሆን ቸግሮኝ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሻይ ማፍላት ነበር። እነሱ ትዕዛዝ ይጽፋሉ፣ እኔ እንደ ማሽን ቃል በቃል እፈጽማለሁ። «ሻይ ቅጠል ጨምር» ሲሉኝ ፓኬቱን እንዳለ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ከተትኩት። በሳቅ ሞቱ። በሳምንቱ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስንከፍት ግን ከዚያ ሁሉ ሳቅ የተረፈ ነገር አልነበረም። ሻይው ሌላ፣ ኮዱ ሌላ ሆኖባቸው ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ።

በሦስተኛው ሳምንት ባቄላ ይዤ ሄድኩ። ፕሮግራመሮች «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚሉት ስልት አለ። የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛትም ይባላል፤ የጥንት ግብፆችም እጥፍ እያደረጉ ያባዙ ነበር። የማባዣ ሰንጠረዥ በቃል መያዝ አይጠይቅም። 13 በ24 እንበል። በግራ 13ን ለሁለት እየከፈልን፣ ትርፉን እየተውን እንወርዳለን፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 24ን እጥፍ እያደረግን፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበት መስመር ይሰረዛል፤ ስለዚህ 6 ከነ48ቱ ይወጣል። የቀሩት 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312።

ይህን በባቄላ ሠራነው። 13 ፍሬ ለሁለት ሲካፈል አንዷ ትተርፋለች። ትርፏ ወደ ጎን። ከዚያ ያንኑ በወረቀት፣ ከዚያ ያንኑ በኮድ፣ መስመር በመስመር።

አንዷ ልጅ ፕሮግራሟን ስታስኬደው 24 አለ። ስህተት ብሎ አልጮኸ፣ አልቆመ፣ ዝም ብሎ 24። እኔም ትንሽ ፈዝዤ ነበር። ለካ ለማካፈል ያስገባችው አንድ ስላሽ (/) ነው፤ ፓይተን ውስጥ እሱ ትርፉን አይተውም፣ በነጥብ ይከፍለዋል። 13 ወደ 6.5፣ ከዚያ ወደ 3.25 ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ኢተጋማሽ ቁጥር ስለማያገኝ የተደመረው የመጀመሪያው 24 ብቻ ነው። ሉፑም (ያንኑ ትዕዛዝ የሚደጋግመው የኮዱ ክፍል) ቁጥሩ ተመናምኖ ዜሮ እስኪሆን ከሺህ ጊዜ በላይ ዞሯል። ላስረዳ አፌን ስከፍት አጠገቧ ያለው ልጅ ቀደመኝ፦ «ቲቸር፣ ባቄላዋን ለሁለት ሰንጥቃታለች እኮ!»

ትርፉን የሚተወውን ሁለት ስላሽ (//) አደረገችው። 312።

ያን ቀን ባይነሪ፣ ማለትም ቁጥርን በ0 እና በ1 ብቻ መጻፍ፣ የማስተማር ሐሳብ አልነበረኝም። ግን ሰሌዳው ላይ ከኢተጋማሹ አጠገብ 1፣ ከተጋማሹ አጠገብ 0 ጽፌ ከታች ወደ ላይ አነበብኩላቸው፦ 1101። 13 በባይነሪ። አንዱ አላመነኝም፣ በ22 ሞከረው። 10110 ሲመጣለት የሠራበትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ሁሉም ገብቷቸዋል አልልም። አራቱ አሁንም ከጎረቤት ይገለብጣሉ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የጳጉሜ ነው፦ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች፣ እንደ 2015። «ከሆነ» እና «ካልሆነ»ን በዚህ እንጀምራለን።

ፋንክሽን ላይ፣ ማለትም የሰጡትን ተቀብሎ ውጤት የሚመልሰው የኮድ ክፍል ላይ፣ ግን ተይዣለሁ። እስካሁን የመጣልኝ ወፍጮ ቤት ነው፤ እህል ይገባል፣ ዱቄት ይወጣል። እንደ ሻይው ሳቅ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ፈራሁ። በእጅ የሚያዝ ነገር ያገኛችሁ ካላችሁ ወዲህ በሉኝ።