ራሱን የሚሞላ ሰዓት ሲሳሳት

እዚህ አሜሪካ በብዙዎቻችን ቤት የተሰቀለው፣ በሬዲዮ ሞገድ ራሱን የሚያስተካክለው የግድግዳ ሰዓት ሲሳሳት፣ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ባትሪውን ይቀይራል። እኔ ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት ሰዓቱ በምን ያህል እንደተሳሳተ ነው ባይ ነኝ።

ልዩነቱ ልክ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ከሆነ ሰዓቱ ምንም አልሆነም። በኮሎራዶ ግዛት ፎርት ኮሊንስ አጠገብ ያለው ደብሊው ደብሊው ቪ ቢ የተባለው ጣቢያ በ60 ኪሎኸርዝ የሚያሰራጨው ዓለም አቀፉን የጋራ ሰዓት ስለሆነ፣ የየአካባቢውን ሰዓት የሚወስነው ከሰዓቱ ጀርባ ያለው የሰዓት ክልል መምረጫ ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ እየኖሩ መምረጫው «ፓስፊክ» ላይ ከሆነ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በማርች ወይም በኖቬምበር የሚመጣ የአንድ ሰዓት ስህተት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የበጋ ሰዓት ማብሪያው ነገር ነው።

ልዩነቱ ጥቂት ደቂቃ ሆኖ ቀስ በቀስ የሚጨምር ከሆነ፣ ሰዓቱ የጣቢያውን የሰዓት መልእክት ከተቀበለ ቆይቷል ማለት ነው። ጣቢያው በየሰከንዱ መጀመሪያ የሞገዱን ኃይል ለ0.2፣ ለ0.5 ወይም ለ0.8 ሰከንድ ዝቅ ያደርጋል፤ ሙሉው መልእክት የሚጠናቀቀውም በአንድ ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ቴሌቪዥን ወይም የስልክ ቻርጀር ከረበሸው መልእክቱ ይበላሻል። ሞገዱ በደንብ የሚሰማው ሌሊት ስለሆነ፣ ማታ ወደ ኮሎራዶ አቅጣጫ በሚያይ መስኮት አጠገብ አስቀምጦ እስኪነጋ መታገሥ ይበጃል። በውስጡ ያለው የአንቴና ዘንግ ጫፉ በቀጥታ ወደ ኮሎራዶ ካመለከተ ምንም ያህል ስለማይቀበል፣ ጎኑን እንዲሰጥ ማዞር ያስፈልጋል።

መልእክቱን እየተቀበለ ሁልጊዜ በእኩል ደቂቃ የሚሳሳት ባለ ቆጣሪ ሰዓት ግን ሌላ ጣጣ አለው። ዳግም ማስጀመሪያው ሲጫን ቆጣሪዎቹ ዞረው 12 ላይ (በአንዳንዱ 4 ወይም 8 ላይ) በትክክል መቆም ሲገባቸው፣ አራት ደቂቃ አልፈው ከቆሙ ሰዓቱ እነሱን 12 ላይ እንዳሉ ቆጥሮ ይቀጥላል። ይህን ባትሪ መቀየር አያድነውም፤ በመሙያው ቁልፍ ቆጣሪዎቹን 12 ላይ ማድረስ ያሻል።

አዲስ አበባ ላለ ዘመድ መላክ ለሚያስብ፣ የኮሎራዶው ሞገድ እዚያ ስለማይደርስ ሰዓቱ እንደማንኛውም የኳርትዝ ሰዓት ይሠራል። እዚህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ላንብብ ብሎ ስድስት ሰዓት ያዞረው ሰው ሌሊቱን ተመልሶ ያገኘዋል፤ እዚያ ግን የሚመልሰው ስለሌለ በሞሉት ይጸናል።