መጽሐፉ ራሱ ይላላ

ዛሬ እንዲሁ ሲከፋኝ ነው የዋለው። ለምን ብባል ምክንያት የለኝም። ማታም እንቅልፍ እምቢ አለኝና መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ። ሁለት መስመር እንዳነበብኩ የታናሹ ጥያቄ መጣብኝ።

«አክስቴ፣ መጽሐፍ ቅዱስ እውነት መሆኑን በምን አወቅሽ?» ነበር ያለኝ። ሊፈትነኝ አይደለም፣ ልጅ ነው። እኔም ሳላስብ «የእግዚአብሔር ቃል ስለሆነ ነዋ» አልኩት። «የእግዚአብሔር ቃል መሆኑንስ?» «መጽሐፉ ራሱ ይላላ!» ዝም አለ። የተስማማ መስሎኝ ነበር።

አልተስማማም። መሄጃ ነው ያሳጣሁት። ዞሮ ዞሮ ከቤት እንዲሉ፣ በአንዱ በር አስወጥቼ በዚያው በር መለስኩት።

እንዲህ ስንጠየቅ አብዛኞቻችን የምንመዘው 2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥16ን ነው። ዛሬ ቀስ ብዬ አነበብኩት። የለመድነው የአማርኛ ትርጉም «የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት መጽሐፍ ሁሉ» ይጠቅማል ነው የሚለው። መንፈሱ ያለበት የትኛው እንደሆነ ግን ጥቅሱ አይዘረዝርም። ግሪኩ እዚያ ቦታ ላይ «ነው» የሚል ግስ ስለሌለው፣ ሌሎች ተርጓሚዎች መጽሐፍ ሁሉ የእግዚአብሔር እስትንፋስ ያለበት ነው ብለው ተርጉመውታል። እሺ፣ እንደዚያም ይሁን። ከፍ ብሎ ያለው ቁጥር ጢሞቴዎስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስላወቃቸው መጻሕፍት ነው የሚናገረው። እሱ ሕፃን ሳለ አዲስ ኪዳን መች ተጽፎ! ዛሬ የምናውቃቸውን 27ቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ብቻ ለይቶ የቆጠረው የመጀመሪያው የታወቀ ዝርዝር የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ በ367 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ ላይ ያለው ነው። ስለዚህ «መጽሐፉ ይላል» ስል፣ መጽሐፉ ይሄ ነው ያሉኝን ሰዎች አስቀድሜ አምኛለሁ ማለት ነው።

ይሄን ለማየት ደግሞ ካሃዲ መሆን አያስፈልግም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት በ1641 እ.ኤ.አ. ለፓሪስ የሥነ መለኮት ሊቃውንት በጻፈው ደብዳቤ፣ መጽሐፍ ስለሚያስተምር በእግዚአብሔር ማመን፣ ከእግዚአብሔር ስለመጣም መጽሐፉን ማመን ተገቢ ነው ይላል። ግን ይሄን ለማያምን ሰው ማቅረብ አይቻልም፤ ክብ ነው፣ ዞሮ እዚያው ይመለሳል ይለናል አለ። አማኝ ሆኖ ነው ይሄን ያለው።

ከሁሉም የያዘኝ ግን ዮሐንስ 5፥31 ነው። ኢየሱስ ራሱ ስለ ራሴ ብመሰክር ምስክርነቴ እውነት አይደለም ይላል። ከዚያ ሌሎች ምስክሮች ይጠራል፦ ዮሐንስን፣ የሚሠራውን ሥራ፣ አብን፣ መጻሕፍትን። ምዕራፍ 8 ላይ ደግሞ ስለ ራሴ ብመሰክር እንኳ እውነት ነው ይላል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። እሱ እንኳ የአድማጮቹን ጥያቄ አክብሮ ምስክር ከጠራ፣ እኔ ልጁን በአንድ ቃል ዝም የማሰኘው ማን ሆኜ ነው?

በርግጥ ክቡ የኛ ብቻ አይደለም። ዓይኔ እንደማይዋሸኝ በምን አወቅኩ? ደግሜ በማየት። ትዝታዬን የማምነው ትዝታዬን ይዤ ነው። የሆነ ቦታ ላይ ሁላችንም ቆመን እናምናለን። እዚህ ጋ ትንሽ ተጽናናሁ፣ ግን ብዙም አልቆየልኝ። ሌላ መጽሐፍ የያዘ ሰው መጥቶ «እውነት ነው፣ ራሱ ይላል» ቢለኝ እቀበለዋለሁ? አልቀበለውም። ታዲያ የሱን የማልቀበልበት ሚዛን ለኔ ሲሆን የት ይሄዳል?

እውነቱን ልናገር ከተባለ እኔ ያመንኩት በዚያ ጥቅስ አይደለም። እናቴ በጨለማ መዝሙረ ዳዊት ስታነብ ድምጿን እየሰማሁ ነው። በኋላም በአንድ ክፉ ዓመት፣ ሌላው ነገር ሁሉ ሲከዳኝ እነዚያ ቃላት አልከዱኝም። ለታናሹ መንገር የነበረብኝ ይሄንን ነው። ነገ ደውዬ እነግረዋለሁ።

ግን እሱ ዝም የሚል ልጅ አይደለም። «ሌሎቹስ፣ በራሳቸው መጽሐፍ ላይ አልቅሰው የተጽናኑት?» ይለኛል። ያኔ ምን እለዋለሁ?