«ሃሊምባዋ» ከተባለ በኋላ

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ፊሊፒንስ በነበርኩበት ጊዜ የስታቲስቲክስ መምህራችን ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይጀምሩና ከባዱ ቦታ ላይ ሲደርሱ «ሃሊምባዋ» ይሉ ነበር፤ ለምሳሌ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአገሪቱ ብሔራዊ ቋንቋ በፊሊፒኖ ነው። ክፍሉ ይፍታታል፣ ከኋላ የተቀመጡት ሳይቀሩ እጃቸውን ያወጣሉ። እኔ ብዕሬን እንደያዝኩ እቀራለሁ።

መምህሩን ግን አልተቀየምኩም። እንግሊዝኛን እዚያ ያስፋፉት እ.ኤ.አ. በ1901 በመርከብ የመጡ አሜሪካውያን መምህራን ናቸው። እ.ኤ.አ. የ1974ቱ የማስተማሪያ ቋንቋ ፖሊሲ ሒሳብንና ሳይንስን ለእንግሊዝኛ፣ የኅብረተሰብ ትምህርትን ለፊሊፒኖ ቢያከፋፍልም ሰው ሲናገር ሁለቱ አይለያዩም። «ኢ-ሶልቭ ናቲን» ይላሉ፤ እንፍታው ለማለት። በእንግሊዝኛው ግስ ላይ የራሳቸውን ቅጥያ ቀጥለው እንደ አገር ልጅ ያረቡታል። ከሴቡ ደሴት የመጣው የክፍል ጓደኛዬ ግን አፉን የፈታው በአካባቢው ቋንቋ በሴብዋኖ ነበር፤ በታጋሎግ ቋንቋ ላይ የተመሠረተው ፊሊፒኖ ለእሱም የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው። ይህን ሲነግረኝ ልብ ማለት ነበረብኝ።

አገሬ ተመልሼ ማስተማር ስጀምር ያንኑ ዘዴ በአማርኛ ሠራሁበት። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ የሚያሳየው መለኪያ፣ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ እናገርና ወደ ጤፍ ገበያ እሻገራለሁ፦ የሁለት ገበያ አማካይ ዋጋ እኩል ነው፣ የአንደኛው ግን በየሳምንቱ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። የተማሪዎቹ ፊት ሲበራ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ከአጋማሽ ፈተናው በኋላ በአፋን ኦሮሞ ተምራ ያደገች ተማሪ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ እርስዎ ወደ አማርኛ ሲሻገሩ እኔ እቀራለሁ» አለችና ደብተሯን ገለጠችልኝ። ትርጓሜው በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ከሥሩ «ለምሳሌ» የሚለው ቃል በላቲን ፊደል፣ ከዚያ ባዶ መስመሮች። ሃሊምባዋ ትዝ አለኝና መልስ አጣሁ።

በሳምንቱ ትምህርቴን በስልኬ ቀድቼ አዳመጥኩት። አማርኛው የሚመጣው ለጨዋታና ለማበረታቻ ብቻ አልነበረም፤ «ምክንያቱም» የሚለው፣ የትምህርቱ እምብርት፣ ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር። ፈተናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ጤፉን በሚገባ የተረዱት ተማሪዎችም መልስ ወረቀቱ ላይ ምክንያቱን መጻፍ ያቃታቸው ለዚህ ነው።

አማርኛውን ከክፍል ማስወጣት መፍትሔ ነው ብዬ አላምንም፤ ያልገባው ተማሪ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲደገምለት አይገባውም። አሁን ምሳሌውን አስቀድሜ በቀላል እንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። በአማርኛ ያስረዳሁትን ምክንያት ሳልመልስ አላልፍም፤ ያንኑ በእንግሊዝኛ እደግመዋለሁ። ከዚያ አራት አራት ሆነው በፈለጉት ቋንቋ ለአምስት ደቂቃ ይወያያሉ፣ ከየቡድኑ አንድ ሰው የደረሱበትን በአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ጊዜ ይበላል። ከኮርሱ አንድ ምዕራፍ ሳልሸፍን የቀረሁበት ሴሚስተር አለ፤ አልቆጨኝም።

ያቺ ተማሪ በመጀመሪያው ውይይት ለቡድኗ በአፋን ኦሮሞ ስታስረዳ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እጇ ሽቅብ ቁልቁል ይላል፣ ጓደኞቿ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ የለየሁት «ጣፊ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ጤፍ ማለት ነው። የቀረውን ለማወቅ ተነሥታ ሰሌዳው ላይ እስክትጽፍ ጠበቅሁ።