ስም ለማን ይወጣል?

የሰው ስም ስሰማ "ምን ማለት ነው?" ሳልል አላልፍም። ጠባዬ ነው፤ ያገኘሁትን መልስ በአንድ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሰሞኑን ደብተሩን ሳገላብጥ አንድ ነገር ገባኝ፦ አብዛኛው ስም ስለ ልጁ ምንም አይናገርም። እንዴት ብሎስ ይናገራል? ስም ሲወጣለት ጠባዩ ገና አልታወቀ። የሚናገሩት ወላጆቹ ናቸው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ለልጁ ሳይሆን ለሌላ ሰው፣ አንዳንዴም ሰው ላልሆነ ነገር ነው።

ለሞት የተነገሩትን ላስቀድም። ሞንጎሊያ ውስጥ ልጅ እየሞተባቸው የተቸገሩ ወላጆች አዲስ የተወለደውን "ኔርጉይ" ይሉታል፤ "ስም የለሽ" ማለት ነው። "ኤነቢሽ" የሚባልም አለ፤ "ይሄኛው አይደለም"። "ሁንቢሽ" ደግሞ "ሰው አይደለም"። እኔ ሦስቱን አያይዤ ነው የማነባቸው፤ ልጅ ሊወስድ ለመጣ ክፉ መንፈስ ከደጅ የሚሰጥ መልስ ይመስሉኛል። የምትፈልገው ይሄኛው አይደለም፣ ሰውም አይደል፣ ስምም የለው፣ እለፍ።

የናይጄሪያ ኢግቦዎች እንደዚህ አያታልሉም፤ በቀጥታ ይለምናሉ። "ኦንዉቢኮ" ማለት "ሞት ሆይ፣ እባክህ" ነው። ጎረቤቶቻቸው ዮሩባዎች ደግሞ ልጁን ራሱን ይማጠኑታል። እየሞተ ተመልሶ የሚወለድ ልጅ አለ የሚል እምነት ስላላቸው፣ እንዲህ ያለውን "ማሎሞ" ይሉታል፤ "ከእንግዲህ አትሂድ"። ወይም "ዱሮጃዬ"፤ "ቆይና ዓለምህን ቅጭ"። ከሁሉም ልቤን የሚነካው ይሄኛው ነው። ሌሎቹ ከሞት ጋር ሲከራከሩ ይሄኛው ለልጁ መቆየት የሚያዋጣ መሆኑን ያስረዳል።

እኛም ጋ ምትኩ፣ ካሳ ወይም ማስረሻ የሚባል ሰው ስተዋወቅ ሐሳቤ ከፊቱ ወደነበረው ይሄዳል። የሚጠራው እሱ፣ የሚወራው ስለ ሌላ። ይህን ዕድሜ ልክ መሸከም አይከብድም ወይ? የማውቃቸው ምትኩዎች ሲጠሩ "አቤት" ብለው ይመጣሉ እንጂ ነገሩን የሚያብሰለስሉት አይመስልም። ይበልጣልና ማንያዘዋል ግን ለጎረቤት የተነገሩ ናቸው፤ የሰማ ይስማ ነው።

ሳይለምኑም ሳይፎክሩም የሆነውን ብቻ የሚመዘግቡ አሉ። የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ሙሉ ስማቸው ኮፊ አታ አናን ነበር። በጋና አካኖች ዘንድ "ኮፊ" ዓርብ የተወለደ ወንድ ነው፤ "አታ" መንታ። የተወለዱበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1938፣ በእርግጥም ዓርብ ነው፤ መንታ እህታቸውም ኤፉዋ ትባል ነበር፣ ዓርብ የተወለደች ማለት ነው። ዮሩባዎች ለመንታ ያላቸው አሰያየም ደግሞ ክርክር ያስነሳል። መጀመሪያ የወጣው ታይዎ ነው፤ "ዓለምን የቀመሰ"። ተከትሎ የመጣው ኬሂንዴ ነው። ታላቁ ማን ነው ሲባል ግን ኬሂንዴ ይላሉ፦ ዓለም ደህና መሆኗን አይቶ እንዲነግረው ታናሹን አስቀድሞ ላከ። አመክንዮው ደስ ይለኛል።

የጥንት ሮማውያን ለወንዶቹ እንጂ ለሴቶቹ ብዙም አልተጨነቁም። ሴት ልጅ የምትጠራው በአባቷ ወገን ስም ነበር። ማርክ አንቶኒ ከኦክታቪያ የወለዳቸው ሁለት ሴቶች ልጆች ሁለቱም አንቶኒያ ናቸው፤ ለመለየት ያህል ትልቋ አንቶኒያ፣ ትንሿ አንቶኒያ ይባላሉ። እናታቸውም ብትሆን ኦክታቪያ የምትባል ታላቅ እህት ነበረቻት። እዚያ ቤት አንድ ሰው ከጓዳ ሲጣራ ስንቷ ብድግ እንደምትል አስቡት።

በቅርቡ የወለደች ዘመዴ "ትርጉሙ የሚያምር የውጭ ስም ፈልግልኝ" ብላኝ ነበር። ችግሩ በብዙ አገር የስሙ ትርጉም ለተናጋሪው ከሞተ ቆይቷል። ተስፋዬ ብለን ስንጣራ ተስፋ የሚለው ቃል ይሰማናል። "ዮሐንስ" በዕብራይስጥ "እግዚአብሔር ቸር ነው" ማለት ሆኖ ሳለ፣ ኢቫን፣ ሁዋን፣ ጆቫኒ፣ ሾን፣ ጆን እያለ ዓለምን ሲዞር ያ ቸርነት በየመንገዱ ቀርቷል። ጆን ብላ ልጇን የምትጠራ እናት ድምፁን እንጂ ትርጉሙን አትሰማም። የጥንት ጀርመኖችማ ገና ከመነሻው ትርጉም አላስጨነቃቸውም። ሁለት የተለመዱ ቃላት ይገጣጥማሉ፣ በቃ። "ፍሬዴጉንድ" ሰላምና ጦርነት ነው። "ሂልዴጉንድ" ደግሞ ጦርነትና ጦርነት! ለዘመዴ ይህን ባቀርብላት ስቃ ዝም አለችኝ፤ ዳግመኛም አልጠየቀችኝ።

ለመንግሥት የተነገሩም ሞልተዋል። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ከቭላዲሚር ሌኒን አሳጥረው "ቭላድለን" ያሉ ወላጆች ነበሩ፤ የሌኒንን ፊደላት ከኋላ ወደ ፊት አንብበው ሴት ልጃቸውን "ኒኔል" ያሉም አሉ። አንዳንዴ ደግሞ መንግሥት ራሱ መልስ ይሰጣል። አይስላንድ ከእ.ኤ.አ. 1991 ጀምሮ አዲስ ስም የሚያጸድቅ ኮሚቴ አላት። አንዲት እናት ልጇን "ብላይር" ብላ ሰየመቻት፤ ለስላሳ ነፋስ ማለት ነው። ስሙ የወንድ ነው ተብሎ ተከለከለ፤ ልጅቷም በመንግሥት መዝገብ ላይ "ልጃገረድ" ተብላ እስከ 15 ዓመቷ ቆየች። በእ.ኤ.አ. 2013 ፍርድ ቤት ስሟን ፈቀደላት። አቤት የሚያሰኛት ስም ግን ያን ሁሉ ዓመት ብላይር እንደነበር ጥርጥር የለኝም። ኮሚቴ የፈለገውን ይበል፣ ስም የሚጸናው ቤት ውስጥ ነው።

በደብተሬ ውስጥ ባለቤቱ ራሱ የተናገራቸው ስሞች ጥቂት ናቸው። ጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይ በዚህ ወደር የለውም። በእ.ኤ.አ. 1760 ተወልዶ በ1849 እስኪሞት ድረስ ከ30 በላይ ስሞች ተጠቅሟል። "ሆኩሳይ" ራሱ ከእነዚያ አንዱ ነው። ካረጀ በኋላ ሥዕሎቹ ላይ የሚፈርመው "በሥዕል ያበደ ሽማግሌ" ብሎ ነበር። አንድ ስም ሲበቃው ለተማሪው አስተላልፎ ሌላ ያወጣል። ትርጉም አለው ከተባለ ከዚህ የበለጠ ትርጉም ያለው ስም አላውቅም። እኔ ግን የእኔን ለማንም የምሰጥ አይመስለኝም፤ አያቴ ነች ያወጣችልኝ፣ ለማን ብላ እንዳወጣችው ደግሞ እስካሁን አልነገረችኝም።