አክስቴ ኢትዮጵያዊነታቸውን በምን ያስረዱ?

ዛሬ ከትልቋ አክስቴ ጋር ሐዋሳ ውስጥ መታወቂያ ለማውጣት ስንንከራተት ዋልን። ቤታቸው ሲቃጠል ወረቀታቸው ሁሉ አብሮ ሄዷል። እዚህ “መሸኛ አምጡ” አሉን። የትውልድ ቦታቸው ደግሞ መሸኛ ለመጻፍ የድሮውን መታወቂያ ይጠይቃል። የተቃጠለውን!

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ እናቱ ወይም አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። የአክስቴ እናትና አባት ግን በሕይወት የሉም። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ገጠር የተወለደችን ልጅ ማን መዘገባት? “ፋይዳ አውጡ” የሚሉን አሉ። ፋይዳ እኮ ለውጭ ዜጋ ነዋሪም ይሰጣል፤ ዜግነት አያረጋግጥም።

አክስቴ ከዕድሩ ጸሐፊ የተዋሱትን ደብተር ከፌስታል አውጥተው መስኮቱ ላይ ዘረጉት። ጠርዙ ተበልቷል። ስማቸው ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። በየወሩ የከፈሉበት ፊርማም አለ። ሠራተኛዋ አየት አድርጋ “ይሄ አያገለግልም እናቴ” ብላ መለሰችላቸው። ሆዴ ባባ። እሷን አልወቅስም፣ የታዘዘችውን ነው የሠራችው። ግን ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቃቸው ሰፈር ቃል ከአንድ ወረቀት እንዴት ያንሳል?

ነገ የዕድሩን ዳኛና ጎረቤቶችን ለምስክርነት ይዘን እንመለሳለን። እንዲህ ገጥሟችሁ የተፈታላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ መንገዱን ጻፉልኝ።