እናት ፊት የማይጠየቅ ጥያቄ

ነሐሴ ላይ አፍንጫ መብሳት አልወድም። ጆሮም ያው ነው። ሥራው የሚበዛው ግን ነሐሴ ላይ ነው። አዲስ ዓመት እየደረሰ ነው፣ ተማሪው እረፍት ላይ ነው፣ ጥር ላይ የሚያገቡት ደግሞ ከወዲሁ ይሯሯጣሉ። እነዚህኞቹ ልክ ናቸው። አፍንጫ በደንብ ለመዳን ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። ነሐሴ ላይ የተበሳ አፍንጫ ለጥር ፎቶ ይደርሳል። ታኅሣሥ ላይ መጥታ «ለሠርጌ ይድረስልኝ» የምትለኝ ሙሽራ ግን ቀይ አፍንጫ ይዛ ነው የምትሞሸረው።

ችግሩ ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የከተማው ግማሽ ባዶ ሆዱን ነው የሚያረፍደው። ሁዳዴን የማይጾም እንኳ ፍልሰታን ይጾማል። ባዶ ሆድና መርፌ ደግሞ አይስማሙም። አንዳንድ ሰው መርፌ ሲያይ የልብ ምቱ ዝግ ይላል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ያንሳል። ምግብም ውሃም ካልቀመሰ ደግሞ ይብስበታል፣ ዘፍ ይላል። ብዙው ሰው ምንም አይሆንም። የሚወድቀው ማን እንደሆነ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። ጂም የሚሠራ ጎረምሳ ጆሮውን ሊበሳ መጥቶ እጄ ላይ ሲጥመለመል አይቻለሁ።

አምና በፍልሰታ አንዲት ልጅ ወደቀችብን። ሪሴፕሽን ላይ «በልተሻል?» ተብላለች። «አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ» ብላለች። እዚህ አገር በልተሻል ተብሎ «አልበላሁም፣ ርቦኛል» የሚል ሰው አሳዩኝ። ሰው ሊጋበዝ ይመስለዋል። ይሉኝታ አለ። ልጅቷ ለካ ከማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። አስተኛናት፣ እግሯን ከፍ አደረግን፣ ነቃች። ስኳር በውሃ በጥብጬ ሳቀርብላት ተኝታ እያለች ሰዓት ጠየቀችኝ። ሰባት ተኩል ነው አልኳት። «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን?» ብላ ብርጭቆውን መለሰችልኝ።

ይሄ ነገር ሥራ አስኪያጃችን ጆሮ ደረሰ። እሳቸው የሕክምና ሰው አይደሉም፣ የሒሳብ ሰው ናቸው። የሒሳብ ሰው ችግር ሲገጥመው ፎርም ያወጣል። ከዚያ በፊት ደግሞ የጆሮ መብሻ ሽጉጥ ገዝተውልን ነበር፣ «ፈጣን ነው» ብለው። ሽጉጡ ፕላስቲክ ስለሆነ አውቶክሌቭ ውስጥ፣ ማለትም በእንፋሎት ሙቀት ጀርም የሚገድለው ማሽን ውስጥ፣ አይገባም። የሚያስገባው ጌጥ ጫፉም ዱልዱም ነው፣ ሥጋውን ቆርጦ ሳይሆን ገፍቶ ነው የሚያልፈው። የጆሮ አናት ላይ ከተጠቀምሽበት ደግሞ ጠንካራውን ክፍል ሊጎዳው ይችላል፣ ከመረቀዘም ጆሮው ቅርፁን ሊያጣ ይችላል። ሽጉጡ አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ቁልፉ ጠፋ ብያቸዋለሁ፣ እስኪ እንፈልገዋለን።

ወደ ፎርሙ ልመለስ። ጥያቄዎቹ መጥፎ አልነበሩም። እንዲያውም ግማሹን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ምግብ በልተሻል? አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ስኳር አለብሽ? ቁስልሽ ሲድን የማበጥ ጠባይ አለው? ይሄኛውን የእኛ ሰው ቆዳ ላይ መጠየቅ ግድ ነው፣ ኬሎይድ፣ ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ፣ ካወጣ ማጥፋቱ ከባድ ነው። ባለፉት 24 ሰዓታት መጠጥ ጠጥተሻል? እርጉዝ ነሽ? ሁሉም የሚጠየቁ ናቸው። ግን የት ነው የሚጠየቁት? ሪሴፕሽን ላይ፣ ጮክ ተብሎ፣ አብሮ የመጣው ሰው አጠገብ ቆሞ። «መርፌ ክፍል ልጠይቅ» ብዬ ነበር። «ተራው ይረዝማል» አሉኝ።

ዘንድሮ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል። እንደሷ ተዘጋጅቶ የመጣ ደንበኛ አይቼ አላውቅም። ፊቷን ታጥባለች፣ ክሬም የለ፣ ሜካፕ የለ። ፀጉሯ ወደ ኋላ ታስሯል። በደንብ ተኝታ እንዳደረች ዓይኗ ይናገራል። የቲታንየም ጌጥ እንደታሸገ ከአሜሪካ አስልካ ይዛለች። ብረት መሳዩ ብዙው ኒኬል እንዳለበት፣ ኒኬል ደግሞ ብዙ ሰው ላይ አለርጂ እንደሚያስነሳ ታውቃለች። የጌጡ ዘንግ ትንሽ ረዘም ያለ ነው፣ አፍንጫው ሲያብጥ እንዳይውጠው። ቀስ ብላ «ሲስተር፣ መርፌው ውስጡ ክፍት ነው አይደል?» አለችኝ። ልስማት ምንም አልቀረኝ። የአውቶክሌቩን ቴፕ አውጥቼ አሳየኋት፣ መስመሩ እንዴት እንደጠቆረ። ቴፑ ከጠቆረ እቃው ሙቀቱ ውስጥ አልፏል ማለት ነው። «አውቃለሁ» አለች።

እናትየው ነጠላቸውን እንዳጣፉ ተቀምጠዋል። ከጾሙ በኋላ ይሁን ብለው እንደነበር ነገሩኝ። ልጅቷ ክፍለ ሀገር ነው የምትሠራው፣ ፈቃዷ ሊያልቅ ሆነና እሺ አሉ። «ደም ይነካታል ብዬ ዛሬ ቅዳሴ አልሄድንም» አሉኝ። እኚህ ሴትዮም በራሳቸው መንገድ ተዘጋጅተዋል ማለት ነው።

ሪሴፕሽኗ ፎርሙን አነሳች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ አንድ ቃል አትዘልም።

«ዛሬ ምግብ በልተሻል?»

ልጅቷ እናቷን አየች። እናትየው ቀድመው መለሱ። «በፍልሰታ፣ በዚህ ሰዓት ምን ትበላለች? ጾመኛ ናት።»

«አልበላሁም» አለች ልጅቷ።

«ባለፉት 24 ሰዓታት የአልኮል መጠጥ ጠጥተሻል?»

«ምን አልሽ?» አሉ እናትየው።

«ፎርሙ ላይ ስላለ ነው እናቴ።»

«አልጠጣሁም» አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ።

«እርጉዝ ነሽ?»

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ስልኩን ማየት አቆመ። እናትየው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ልጄ የምታገባው ጥር ላይ ነው» አሉ። እሳቸው መልስ መስጠታቸው ነው። ለሪሴፕሽኗ ግን መልስ አይደለም፣ ሳጥኑ አዎ ወይም አይ ነው የሚለው።

«እና አይደለችም ልበል?»

«ልበል ትላለች እንዴ! ሌላ ምን ልትይ ኖሯል?»

እዚህ ላይ ገብቼ «እናቴ፣ ለሁሉም የሚጠየቅ ነው፣ ለልጅዎ ብለን አይደለም» አልኳቸው። ወደኔ ዞሩ። «ስሚ የኔ ልጅ፣ እኔን የበሳችኝ አያቴ ናት። በመርፌና በክር። በልተሻል ወይ፣ ጠጥተሻል ወይ፣ አርግዘሻል ወይ ያለኝ የለም። ይኸው ጆሮዬ!» ብለው ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። እውነቱን ልናገር፣ አየሁት። ቀዳዳው የጆሮው ልክ መሃል ላይ ነው፣ አልወረደም፣ አልተንጋደደም። ሁለቱም እኩል ናቸው። ባለሙያ አያት ነበረቻቸው። ሠርተፊኬት ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ሰዎች የበሱትን ከዚህ በታች አይቻለሁ።

ያም ሆኖ አልበላሁም ተብሎ ተጽፏል፣ ልጅቷም ፈርማለች። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ በልታ ትምጣ አልኩ። የልጅቷ ፊት ጠቆረ። እናትየው ቀና ብለው ወጡ። በሩ ሳይዘጋ ልጅቷ «ስልኬን ረሳሁ» ብላ ተመለሰች። ስልኳ እጇ ላይ ነው።

«ሲስተር፣ በልቻለሁ።»

«ምን በላሽ?»

«ጓደኛዬ ቤት። ፍርፍር።»

«መቼ?»

«ከአንድ ሰዓት በፊት።» ትንሽ ዝም አለችና «በእንቁላል» አለች። «ያነበብኩት ሁሉ ፕሮቲን ብሉ ነው የሚለው።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። «አሁን ብሺኝና እማዬን አንድ ነገር በያት» አለችኝ። ምን ልበላቸው? አሁን ጾመኛ ናት ያሉኝን ልጅ፣ ድንገት ጠገበች ልበል? «ዘጠኝ ሰዓት ነይ» አልኳት። «እንደገና ልበላ?» አለች። ምን ይደረግ፣ እናቷ ፊት ከሆነ ትበላለች እንጂ።

ቀኑን ሙሉ ይሄ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። በዓመቱ ውስጥ ካየኋቸው ሁሉ በደንብ የተዘጋጀችውን ልጅ ፎርሙ መለሳት። አምና የወደቀችውስ? ዛሬ ብትመጣ ያው «ጠግቤያለሁ» ብላ በፎርሙ ላይ አልፋ፣ ፈርማ ነበር የምትወድቀው።

ዘጠኝ ተኩል ላይ መጡ። ግን ቀጥታ ወደ እኛ አልወጡም። ከሥር ያለው ካፌ ገቡ። እናትየው ጥርጣሬ ይዟቸዋል፣ እዚያው ስትበላ እንድናያት ፈልገዋል። በየዓይነቱ ታዘዘ። በመስታወት እናያቸዋለን። ልጅቷ እንደ ፈተና ወረቀት ታየዋለች ምግቡን። እናትየው ያጎርሷታል። አንድ፣ ሁለት፣ «ሦስት ካልሆነ ያጣላል» ሳይሏት አልቀሩም። በዚህ መሃል ሥራ አስኪያጃችን ከመኪናቸው ወረዱ። ምን እንደሆነ ሪሴፕሽኗ ነገረቻቸው። በመስታወት አዩና ፈገግ አሉ። «አያችሁ? ሥርዓት ሲኖር እንደዚህ ነው» አሉን። እኔ ምንም አላልኩም። ምን ልል? እንቁላሉን ልናገር?

መብሳቱ ራሱ የአፍታ ሥራ ነው። በእስክሪብቶ ነጥብ አደረግሁ፣ መስታወት ሰጠኋት፣ ወደደችው። እናትየው «ትንሽ ወደ ላይ» አሉ። ልክ ነበሩ፣ አነሳሁት። መርፌው ሲያልፍ ከዚያው ወገን ያለው ዓይኗ አንዲት እንባ አወጣ። ይሄ ብዙ ሰው ላይ ያለ ነው፣ ልቅሶ አይደለም። ልጅቷ አልዞረባትም፣ አልገረጣችም። «በጣም ጠግቤያለሁ» ብቻ አለች፣ ሆዷን ይዛ። ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ እውነተኛው ቃል እሱ ነበር።

እናትየው ከቦርሳቸው የአያታቸውን የወርቅ ጌጥ አወጡ፣ አሁኑኑ ይደረግላት ብለው። ለጥር ይቆይ አልኳቸው፣ ትኩስ ቁስል ውስጥ ምን እንደተደባለቀበት የማይታወቅ ወርቅ አይገባም። እሺ አሉ። ጠዋትና ማታ በኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ማጠብ፣ ጌጡን አለማሽከርከር፣ አልኮልና ኦክሲጅን (ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ) አለማስነካት። ሶደሬ ቢሆን ዋና ገንዳ እስኪድን ድረስ የለም። «ጠበልስ?» አሉኝ። «ትጠጣ እናቴ። ፊቷ ላይ ግን ለጊዜው አታፍስስ።» ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ይሄም ፎርሙ ላይ አለ?»

ሰኞ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጃችን ይሄንን ጉዳይ እንደ ስኬት አቀረቡት። ፎርሙም ተሻሻለ። አሁን ከታች «አብሮ የመጣ ሰው ፊርማ» የሚል መስመር አለው፣ ለማረጋገጫ። ማለትም እናት ፊት መመለስ ብቻ ሳይሆን እናት ትፈርማለች። አጨበጨብን።

እኔ በበኩሌ ፎርሙን ካስሞላሁ በኋላ የራሴን ጥያቄ እጠይቃለሁ። በልተሻል አልልም። «ምን በላሽ? ስንት ሰዓት?» ነው የምለው፣ ያልበላ ሰው ለዚህ ቶሎ መልስ አያገኝም። የመጠጡንም፣ የክኒኑንም፣ የእርግዝናውንም እዚያው እጨርሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን «እናቴ፣ እስከዚያ ሒሳብ ይክፈሉላት» ብዬ እናትየውን ወደ ካሸር እልካለሁ። ካሸሯ ደረሰኝ ሳልቆርጥ ሰው ትልኪብኛለሽ ብላ አኩርፋኛለች። እናቶችን በዚህ እየተወጣሁት ነው። አባቶች ናቸው ያስቸገሩኝ፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ በቴሌብር ይከፍላሉ።