በሞኖ የጠፋው ማሲንቆ

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከመኖሪያ ቤቴ አንዷን ክፍል ስቱዲዮ አድርጌ የአንዲት ወጣት ድምፃዊትን ነጠላ ዜማ ሳቀናብር የሠራሁትን ስህተት ዛሬ የምጽፈው፣ በቤታቸው የሚሠሩ ባልደረቦቼ ያንኑ ስህተት ሲደግሙት ደጋግሜ ስለሰማሁ ነው።

ሥራው የተጀመረው ድምፃዊቷ ሌሊት ላይ በስልኳ ቀድታ በላከችልኝ፣ 40 ሰከንድ በማይሞላ እንጉርጉሮ ነበር። ግጥሙ ገና አላለቀም፤ የጎደሉትን ስንኞች በማንጎራጎር ነበር የሞላቻቸው። ዜማው ግን በትዝታ ቅኝት የተሠራና በ6/8 የችክችካ ምት የሚሄድ መሆኑ ከመጀመሪያው ሐረግ ይታወቅ ነበር። የዘፈኑን ፍጥነት የወሰንኩት ከዚያ ቅጂ ነው፤ ድምፃዊ በማንም ሳይታዘዝ፣ ትንፋሹ በፈቀደለት መጠን ያዜመው ፍጥነት ከማንኛውም ግምት ይልቅ ለዜማው ይስማማል ብዬ አምናለሁ። ቀጥሎ በክራር፣ በቤዝና በከበሮ ጊዜያዊ መሠረት ሠራሁና ግጥሙን እስክትጨርስ ድረስ እየሰማች እንድትለማመድበት ላክሁላት።

ድምጿን የቀዳነው ቁም ሣጥን ከፍተን፣ በዙሪያው ብርድ ልብስና ጋቢ ሰቅለን ነው። ጨርቅ የቀጭኑን ድምፅ ነጸብራቅ ይውጣል እንጂ ወፍራሙን አይዝም፤ ስለዚህ ከጎረቤት የሚመጣውን የመኪና ጉርምርምታ በኋላ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን በመቁረጥ ቀነስኩት። ማቀዝቀዣውን ከሶኬት ነቅለን፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ እስኪያባራ አንድ ከሰዓት በሙሉ ጠብቀናል። ይህ ሁሉ ድካም ነው፤ ነገር ግን የታወቀ ድካም ስለሆነ ብዙም አያሳስበኝም።

ያሳሰበኝ ማሲንቆው ነው። ተጫዋቹ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ፣ በሰርግና በግብዣ ቤት የኖሩ ሰው ናቸው። የደጋኑን የፈረስ ጭራ በሙጫ አሽተው፣ ክሩን ከድምፃዊቷ ድምፅ ጋር በጆሯቸው አስማምተው፣ በሁለተኛው ሙከራ የመግቢያውን ሐረግ እንዲህ አድርገው ተጫወቱት፦ መጨረሻዋን ድምፅ ከታች ጀምረው በጣታቸው እየሳቡ ወደ ቦታዋ አደረሷት፤ ከዚያ ደጋኑ ሊያልቅ ሲል ጥቂት አንቀጠቀጧት። ያችን ድምፅ በኮምፒውተር አላስተካከልኳትም። የኪቦርድ ድምፆች በእኩል ርቀት የተከፋፈሉ ናቸው፤ የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን በመካከላቸው የሚያገኘው ቦታ አለው፣ ለዛውም እዚያ ነው።

ስህተቴ የመጣው በሚክሲንጉ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ በማዋሃዱ ሥራ ነው። ማሲንቆው የተቀዳው በአንድ ማይክ ስለሆነ በሄድፎን ሲሰማ መሃል ላይ ጠበበብኝ። ስለዚህ ትራኩን፣ ማለትም የተቀዳውን የማሲንቆ ድምፅ፣ አባዝቼ አንዱን በግራ፣ ቅጂውን በቀኝ አደረግሁና የቀኙን ሞገድ ከፍታው ዝቅታ፣ ዝቅታው ከፍታ እንዲሆን በአንዲት ቁልፍ ገለበጥኩት። ድምፁ ወዲያውኑ ተስፋፍቶ ራሴን የከበበኝ መሰለኝ፤ ደስ ብሎኝ ሳምንቱን ሙሉ በሄድፎን ብቻ ጨረስኩትና ለሁሉም ላክሁ።

በማግስቱ ማሲንቆ ተጫዋቹ ደወሉ። «ልጄ፣ ዘፈኑ ጥሩ ነው፣ ልጅቷም አምሮባታል፤ እኔ ግን የምሰማው ከሩቅ ተራራ ማዶ ነው። ትተኸኝ ነው እንዴ?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ ቆርጬ ያወጣኋቸው መስሏቸው፣ ምክንያቱን ለማወቅ ፈልገው ነው። ድንግጥ ብዬ በስልኬ ከፈትኩት። እውነታቸውን ነበር፤ በመግቢያው ላይ የቀረው ከዋናው ትራክ ብቻ ወስጄ የጨመርኩት ማስተጋባት ነበር፣ ማሲንቆው ራሱ የለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በሄድፎን ግራና ቀኙ ለየጆሮው ለየብቻው ስለሚደርስ የተገለበጠው ሞገድ ከዋናው ጋር አይገናኝም። አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ያለው ስልክ ወይም የሱቅ ስፒከር ግን ሁለቱን ደምሮ በሞኖ ያወጣቸዋል፤ ያን ጊዜ የአንዱ ከፍታ በሌላው ዝቅታ ላይ ሲያርፍ ድምሩ ዜሮ ይሆናል። በእነዚህ መሣሪያዎች ዘፈን የሚሰማ አድማጭ ስላለ፣ የአንድን ሰው ድካም ከሰሚው ጆሮ ያጠፋሁት እኔው ራሴ ነበርኩ።

እውነቱን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ በዚያው ሳምንትም ማሲንቋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተመልሰው መጡ። የተገለበጠውን ቅጂ አጥፍቼ ያንኑ ሐረግ እንደ አዲስ እንዲጫወቱልኝ ለመንኳቸው። የሰው እጅ አንድን ሐረግ ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ ዓይነት አድርጎ አይጫወትም፤ ደጋኑ ትንሽ ይዘገያል፣ ጣቱ ትንሽ ይቀድማል፣ በዚህ ልዩነት የተነሣ ሁለቱ ቅጂዎች ተደምረው አይጠፋፉም። የመጀመሪያውን በግራ፣ አዲሱን በቀኝ አድርጌ፣ የሚክሱን ሞኖ ቁልፍ ተጭኜ አብረን ሰማነው። ስልኬንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በእሱ ደገምነው። ያችን የምትንቀጠቀጥ ድምፅ ሲደርስ የግራ እጃቸው ጣቶች ጉልበታቸው ላይ አብረው ሄዱ፤ ከዚያም አዲሱ ቅጂ ከመጀመሪያው ጎላ ብሎ ስላገኙት «ይህችን ትንሽ ዝቅ አድርጋት» አሉኝና 2 ዴሲቤል ቀነስኩት።